በመከታ ጉዳይ የተቀመጠ ሽምግልና

የአማኑኤል ከተማ ሰው ስለ ሥራነሽ ሲያወራ መጀመሪያ የሚያነሣው ድምፅዋን ነው። ከይጁቤ ገጠር ተድራ ስትመጣ ቃል የማይወጣት ዓይን አፋር ሙሽራ ነበረች ይላሉ የሚያውቋት። ያጮኻት ወፍጮው ነው። ባሏ አማረ ወፍጮ ቤቱን ከከፈተ ጀምሮ፣ እሱም ካረፈ በኋላ ብቻዋን፣ ቀኑን ሙሉ ከሞተሩ ጋር ስትፎካከር ኖራ፣ ዛሬ «እንደምን አደራችሁ» ስትል እንኳ የተጣላች ትመስላለች። ቤተ ክርስቲያን ቆማ በለሆሳስ «አቤቱ ይቅር በለን» ያለች ሲመስላት፣ ሦስት ሰው ዘወር ብሎ ያያታል።

ደግሞስ ብትጮኽ ይፈረድባታል? አንዱ ጤፉን ሳያበጥር ከነጠጠሩ ያመጣና የወፍጮዋን ድንጋይ ያበላሽባታል። አንዱ «ታሞ የተኛ ሰው አለብኝ» እያለ ተራ ይቀማል፤ ታሞ የተኛው ሰውዬ በማግስቱ በሬ እየነዳ ሲያልፍ ይታያል። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ይመጣል፣ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም እኩል ይንጋጋል። ሥራነሽ ይህን ሁሉ ችላ፣ ለሁሉም መልስ እየሰጠች፣ በነጭ ዱቄት ተለውሳ ትውላለች። ልጅ አልወለደችም። እህቷ ስትሞትባት ትንሹን ዘመነን አምጥታ አሳደገችው፤ ዘመነ አደገና እዚያው ከተማ ፀጉር ቤት ከፈተ። ከዚያ አንድ ቀን ደጀን ደርሶ ሲመለስ፣ የከባድ መኪና ሹፌር የሰጠውን ቡችላ በጃኬቱ ሸጉጦ መጣ።

«ለወፍጮ ቤቱ ይሆንሻል እትዬ» አላት።

«እኔን መጠበቅ አቅቶህ ውሻ ቀጠርህልኝ?» ብላ ጮኸችበት፤ ግን ቡችላውን ተቀበለች። ስሙንም መከታ አለችው።

መከታ ደረተ ሰፊ፣ ቡናማ፣ ጭንቅላተ ትልቅ ውሻ ወጣው። ከጆንያዎቹ ጥግ ተኝቶ ስለሚውል ወደ ማታ ግድም እሱም እንደ እመቤቱ ዱቄት ለብሶ ይነጣል። ጭነት ይዘው የሚመጡት አህዮች እንኳ ለምደውት በላዩ ይራመዳሉ። ሥራነሽ ሌላውን ስትቆጣ ትውልና ጭር ሲል ከሱ ጋር ታወራለች፤ ያው እሱንም እየተቆጣች ነው።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ዘመነ ውሻውን መዋስ ሲጀምር ነው። «ጓደኛዬ ቤት ጅብ በግ እየፈጀ ነው እትዬ፤ ለጥቂት ቀን ልውሰደው» አለ። ምን ታድርግ፣ ሰጠችው። መከታ ሲመለስ አንድ ጆሮው ተተርትሮ፣ አንገቱ ላይ ደም ደርቆበት ነበር።

«ምን አደረግህብኝ!»

«ጅብ እኮ ነው እትዬ! ተያይዞ፣ ተናንቆ አባረረው! ብታዪው!» አላት ዘመነ ዓይኑን ሳያሽ።

ይህች ጩኸታም ሴት፣ አንዲት ጠጠር ከቁና እህል ለይታ የምታወጣ ሴት፣ ይህን አመነች። አምናም አልቀረች፣ ኮራች። ጅብ ገጥሞ የተመለሰ ውሻ በዚያ አገር ክብር አለው፤ ጌታውም አብሮ ይከበራል። ሥራነሽ ሥጋ ያለው አጥንት ከሉካንዳ አስመጥታ አበላችው፣ ቁስሉን በሞቀ ውኃ አጠበችለት፣ ከዚያም በዚያ ድምፅዋ ለመጣው ሁሉ ታወራ ጀመር። «ጅብ! ጅብ እኮ ነው የጣለው! የናንተ ውሾች ድመት ሲያዩ አልጋ ሥር ይገባሉ!» ወረፋ የያዘው ሰው እርስ በርሱ ይተያያል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ አንዳንዱም ፈገግ ይላል። እሷ ቅናት መሰላት። ዘመነ መልሶ መልሶ ተዋሰው፤ መከታ መልሶ መልሶ ቆስሎ መጣ፤ እሷም በመጣ ቁጥር ጅቡን አሳደገችው። ወሬው ደብረ ማርቆስ ድረስ ደረሰላት። «የሥራነሽ ውሻ ጅብ ይጥላል» ተባለ። ውሻ የሚያዋጋ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ወሬ ሲሰማ ዝም ብሎ አይቀመጥም።

እውነቱን የነገረቻት ፋኢዛ ናት። ፋኢዛ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሱቅ ባለቤት የአቶ ሙሐመድሳኒ ልጅ ናት፤ ሱቁን የምትይዘው እሷ ነች። ቅዳሜ ገበያ ደርቶ ሳለ መጥታ በሩ ላይ ቆመችና ሞተሩን እንድታጠፋው በእጇ አመለከተቻት።

«በቅዳሜ ምድር? አብደሻል?»

ፋኢዛ አልሄደችም። ሥራነሽ ሞተሩን አጠፋችው። ፋኢዛ ስልኳን አቀረበችላት። ቲክቶክ ላይ የወጣ ቪዲዮ ነው፤ ከከተማው ጀርባ ያለው ድንጋይ የሚፈለጥበት ካባ ይታያል፣ ክብ ሠርቶ የቆመ ወንድ ይታያል፣ ከመሐል ሁለት ውሾች ተነካክሰው ይሽከረከራሉ። አንደኛው ቡናማ፣ ደረተ ሰፊ ነው። ከስልኩ የሚሰማው ሳቅ የዘመነ ሳቅ ነው።

ሥራነሽ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችው።

«ጅቡ የታለ?» አለች።

ፋኢዛ ቀስ ብላ ስልኩን መለሰችና «እትዬ፣ ጅብ የለም። ቁማር ነው የሚጫወቱበት። ነገም ከደብረ ማርቆስ ትልቅ ውሻ ይመጣል ተብሏል» አለቻት።

ሞተሩ ጠፍቶ ስለነበረ ይህን ወረፋ የያዘው ሁሉ ሰማ። አንድም የደነገጠ ሰው አልነበረም። ሥራነሽ ያን ጊዜ ነው የገባት። «ታውቁ ነበር?» አለች። አንዱ ገበሬ ቆቡን አውልቆ እያሻሸ «እኛማ እትዬ፣ አውቀሽ የምትኮሪ መስሎን ነው እኮ!» አላት። ይህን የመሰለ መልስ ሰምቶ የማያብድ ሰው ካለ ይምጣና ይታይ! ያን ቀን ያልተፈጨ እህል ሁሉ ወደመጣበት ተመለሰ።

ዘመነ ስልኩን ዘግቷል። ፀጉር ቤቱም ተዘግቷል። መከታ ደግሞ እሱው ዘንድ ነው፤ ራሷ አሳልፋ የሰጠችው፣ ያው ለጅቡ ብላ። ሥራነሽ ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትቀይር ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ካባው ወረደች።

እዚያ የደረሰባትን ስትናገረው እስከ ዛሬ ይነዳታል። ክቡን ከሠራው ሰው ግማሹ ደንበኛዋ ነው። ውሾቹ ተናክሰው አቧራውን በደም እያራሱት፣ እሷ ስትደርስ ያ ሁሉ ወንድ እንዴት ያለ ጨዋ መሰላችሁ! ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ «ኖር! ኖር እትዬ!» አላት። እሷም፣ ልማድ ክፉ ነው፣ «በእግዜር!» ብላ መለሰች። ይህን በማለቷ እስከ ዛሬ ራሷን ትረግማለች።

ከዚያ በኋላ ግን ጃንጥላዋ ሥራውን ጀመረ። ያገኘችውን ሰው ጀርባ እየቀጠቀጠች ወደ መሐል ገባች። የደብረ ማርቆሱ ውሻ ጥቁር፣ ጥጃ የሚያህል ነው፤ መከታን ከፊት እግሩ ላይ ነክሶ ይዞ እያወዛወዘው ነበር። ሥራነሽ ጃንጥላውን ስታነሣ ባለቤቱ እጁን ዘርግቶ ዘለለ።

«እባክዎ እናቴ፣ ውሻዬን እንዳይመቱብኝ! ለእንስሳ አይራሩም እንዴ?»

ሥራነሽ በሕይወቷ ቃል ያጣችው ያን ጊዜ ነው። ቃል ስታጣ እሱኑ ራሱን መታችው፤ ጃንጥላውም ተሰበረ። ግርግሩ ውስጥ ውሾቹ ተላቀቁ። ዘመነ ወዴት እንደገባ አልታየም። መከታ በሦስት እግሩ ቆሞ ገና ይዞር ነበር፤ ማን ወዳጅ፣ ማን ጠላት እንደሆነ አይለይም። ነጠላዋን ጣል አድርጋበት አቀፈችው፤ ጋሪ ለምና እቤት አደረሰችው።

የከብት ሐኪም ተለምኖ መጥቶ እግሩን ሰፋለትና «ሌላ ውሻ ብትይዢ ይሻላል» ብሏት ሄደ። ፋኢዛ ውሻ የማትነካ ልጅ፣ ጠዋት ጠዋት ጨው የተበጠበጠበት የፈላ ውኃ እያመጣች በሩ ላይ ታስቀምጥላት ነበር። መከታ ሰንበት ብሎ ቀና ማለት ጀመረ፤ ነገር ግን የተሰፋውን እግር መሬት አያስነካም። ወንድ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሲገባ ያጉረመርማል፣ ጆንያ ሲጣል ይበረግጋል፣ አህዮቹንም አያስጠጋም። ሥራነሽ የዘመነን ስም በቤቷ እንዳይነሣ ከለከለች።

ከለከለች ማለት ግን ቀረ ማለት አይደለም። አገሩ ሽማግሌ አያጣም! ቁስሉ መድረቅ ሲጀምር ሦስት ሽማግሎች መጡ፤ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል፣ አቶ ገዳሙና የፋኢዛ አባት አቶ ሙሐመድሳኒ። ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ከኋላቸው ዘመነ በአገሩ ደንብ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ሰብሮ ገባ። ድንጋዩ የካባው ጥርብ ነበር። ሥራነሽ አየችው፤ አይታም ጥርሷን ነከሰች። ሌላ ድንጋይ በአገሩ ጠፍቶ ነው?

«ወይዘሮ ሥራነሽ፣» አሉ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህ ልጅ የእጅሽ ሥራ ነው። አጥፍቷል፤ ማጥፋቱንም አምኗል። በውሻ የተነሣ ሥጋ ከሥጋ አይለይም። ይቅር በይው።»

«ውሻውን ምን ብላችሁ ጠየቃችሁት?»

«ማንን?»

«መከታን ነዋ! የተበላው እሱ አይደል እንዴ? ጆሮውን ያጣው እሱ! እግሩን ያጣው እሱ! ይቅርታውን እኔ ልቀበልለት?»

አቶ ገዳሙ ሳቃቸውን ዋጡ። መሪጌታ ሰምተው እንዳልሰሙ ወደሚቀጥለው አለፉ። የሚቀጥለው ደግሞ የባሰ ነው። ለካ ዘመነ ይቅርታ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፤ ቡችላውን ያመጣሁት እኔ ነኝና ውሻው ይመለስልኝ ብሏል። አቶ ገዳሙ ነገሩን አውጥተው አውርደው መላ አመጡ። «ያመጣው እሱ፣ ያሳደግሽው አንቺ። ስለዚህ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንቺ ጋ ይሁን፣ ወፍጮውን ይጠብቅልሽ፤ እሑድ እሑድ ደግሞ እሱ ጋ ይዋል።»

«እሑድ!» አለች ሥራነሽ፤ አግዳሚው የተነቃነቀ እስኪመስል። «ከቀን ሁሉ መርጣችሁ እሑድን! የሚያዋጉበትን ቀን!»

«ሁለተኛ አያዋጋውም፤ ይምላል» አሉ አቶ ገዳሙ።

«አላዋጋውም እትዬ፣ በአባ አማረ አጥንት» አለ ዘመነ ከድንጋዩ ሥር።

«ካላዋጋኸው ምን ያደርግልሃል ታዲያ?»

«ስለምወደው ነው።»

ይህን ሲል አልዋሸም። ሥራነሽን ያቃጠላትም ይኸው ነው። ቢዋሽ ይሻላት ነበር። መከታ ባሸነፈ ጊዜ ትከሻው ላይ ተሸክሞት እየጨፈረ ካባውን ሲዞር በዚያ ቪዲዮ መጨረሻ ላይ አይታዋለች፤ ደሙ ሸሚዙን ሲያበላሸው እንኳ አልተጸየፈም። መውደድ መስሎታል! ንዴቷ ከአቅሟ በላይ ሆነባትና ያልታሰበ ነገር ተናገረች።

«በሉ እንግዲያው ውሻው ራሱ ይምረጥ! ከሄደለት ይውሰደው፤ እኔም ይቅር ብዬዋለሁ፣ አፌን አልከፍትም። ካልሄደለት ግን ሁለተኛ በዚህ ጉዳይ እግራችሁን እንዳታነሡ።»

ሽማግሎቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ሽምግልና አይተው አያውቁም፤ ይሁን እንጂ መሪጌታ ሁለቱንም ቃል አስገቡ። ሥራነሽ ልቧ ሙሉ ነበር። ወንድ ባየ ቁጥር የሚያጉረመርም ውሻ፣ ይህን ያደረገበትን ሰው ሲያይማ ቁርጭምጭሚቱን ነው የሚይዝለት!

ዘመነ ድንጋዩን አውርዶ ቁጢጥ አለ። «መከታ» አለ ቀስ ብሎ።

ከጆንያዎቹ ጀርባ አንድ ጆሮ ቀና አለ። ከዚያ ጭንቅላቱ ታየ። ከዚያ ጭራው ተወዛወዘ። መከታ በሦስት እግሩ እየነጠረ መጣና የዘመነን እጅ ላሰ፣ ፊቱን ላሰ፣ በደስታ አለቃቀሰበት።

«አንተ ሞኝ!» ጮኸች ሥራነሽ። «አንተ አእምሮ የሌለህ! ያስበላህ እኮ እሱ ነው! ምነው ትንሽ እንኳ ብታኮርፍ!»

«ይኸው! ውሻው ታረቀ፣ የቀረሽው አንቺ ነሽ!» አሉ አቶ ገዳሙ ደስ ብሏቸው።

ቃል ቃል ነው። በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ደግሞ አይታጠፍም። ሥራነሽ ለምርቃቱ ተነሥታ ከፊት ለፊታቸው ቆመች። ሽማግሎቹም ተነሡ። መሪጌታ እጃቸውን ዘረጉ። ዘመነ ውሻው እንዳይረብሽ ብሎ ከሽማግሎቹ ጎን ፊቱን ወደ ሥራነሽ አዞረውና፣ ከኋላው ተንበርክኮ ሁለት ትከሻውን በሁለት እጁ ያዘው። ምንም አላሰበበትም። ካባው ላይ ሊለቀው ሲል የሚይዘው እንዲህ ነበር፤ እጁ ለምዶት ነው።

የመከታ ጠጉር ቆመ። ጭራው ወረደ፤ የቀረችው ጆሮው ተለጠፈች፤ ከንፈሩ ተሰብስቦ ድድና ጥርሱ ወጣ። ከካባው ቀን ጀምሮ መሬት ያልነካውን እግሩን አወረደውና ቆመበት። በዓይኑ የሚገጥመውን ፈለገ። ከፊት ለፊቱ ያለችው ሥራነሽ ብቻ ናት። ወደ እሷ አንጓረረ። የኋላ እግሮቹ ይብረከረኩ ነበር፤ በጭኑ መሐል ሽንቱ እየፈሰሰ ወለሉ ላይ ተንጣለለ፤ እሱ ግን እስኪለቁት ወደፊት ይገፋል።

ሥራነሽ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

«በሉ እንጂ መርቁ!» አለች። «ምን ትጠብቃላችሁ? ታርቋል አላላችሁም? መርቁ!»

የመሪጌታ እጅ ቀስ እያለ ወረደ። አቶ ገዳሙ ወደ በሩ አዩ። እስካሁን አፋቸውን ያልከፈቱት አቶ ሙሐመድሳኒ ተናገሩ። «ልጄ፣ ልቀቀው» አሉ።

«ብለቀው እትዬን ይነክሳታል» አለ ዘመነ። እንባው በአገጩ ይወርድ ነበር። ከእጁ ሥር ያ ሁሉ መንቀጥቀጥ ይሰማዋል፤ ስንት ጊዜ እንዲህ ሲንቀጠቀጥ ይዞት፣ ወኔ ነው ብሎ ለቆታል። ሊለቀው አልቻለም፤ ሊይዘውም አልቻለም። ሁለቱም እንደዚያ ሆነው ቆዩ፤ ውሻው እስከሚደክመው፣ እስከሚተጣጠፍ፣ የተሰፋው እግር ከድቶት በጎኑ እስከሚወድቅ ድረስ።

«ውሰደው እንግዲህ!» አለችው ሥራነሽ። «መርጦሃል። ቃሌን አላጥፍም፤ ውሰደው!»

«አልወስደውም እትዬ።»

«ለምን? ትወደው የለም እንዴ?»

ዘመነ እጁን ከውሻው ላይ አነሣ፤ ተነሥቶም ማንንም ሳያይ ወጣ። ሽማግሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉት። የመረቀም፣ የተመረቀም አልነበረም።

ሥራነሽ ወለሉን ልታጸዳ መጥረጊያዋን ከጥግ አነሣች። መከታ መጥረጊያውን በእጇ ሲያይ፣ በዚያ አቅሙ ተፍጨርጭሮ ለመነሣት ሞከረ፤ ከንፈሩንም እንደገና ሰበሰበ። መጥረጊያው ከእጇ ወደቀ። «ኧረ ተው በማርያም! እኔ ነኝ፣ ያንተው ሥራነሽ! ደግሞ እኔን ልትገጥም!» እያለች፣ እያለቀሰች፣ ሁሉንም በየስማቸው እየተራገመች፣ ጉልበቷ ላይ ወርዳ ወለሉን በነጠላዋ ትጠርግ ጀመር።